ግዙፉ የባሌ ፍልፈል፦ የ180 ዓመታት ጥናት ዳሰሳ

በኢትዮጵያ ደጋ ያደገ ሰው ፍልፈልን የሚያውቀው በሥራው ነው። ጠዋት ማሳ ላይ ተቆልሎ የሚገኘው ትኩስ አፈር፣ ሥሩ ተበልቶ የጠወለገው ተክል የእሱ ምልክቶች ናቸው። እንስሳውን ራሱን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። በባሌ ተራሮች ላይ ይህ ወገን አንድ ግዙፍ ዘመድ አለው። ተራው ፍልፈል ብዙውን ጊዜ ከ300 ግራም አያልፍም። የባሌው ክብደት ከ300 ግራም ገደማ ይጀምርና 900 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ሲለካ ትልቁ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሳይንስ ስሙ ታኪዮሪክቴስ ማክሮሴፋለስ ነው። ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ በባሌም ቢሆን የሚኖረው ከ3,000 ሜትር ገደማ እስከ 4,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ብቻ ነው።

ይህ ዳሰሳ ስለዚህ እንስሳ ያለን ዕውቀት ከ1842 ወዲህ እንዴት እንዳደገ ይመለከታል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው በየዘመኑ ተቀያይሯል። መጀመሪያ የራስ ቅሉ ተለካ፣ ቀጥሎ ብዛቱ ተቆጠረ፣ ከዚያም የቀይ ቀበሮ ቀለብ ተብሎ ተመዘነ። ፍልፈሉ ስለራሱ ተብሎ የተጠናው ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ሲሆን፣ የተገኘው ውጤት ደግሞ ስለ ባሌ ያለንን አመለካከት የሚለውጥ ነው። ጥበቃው ግን ዛሬም በአብዛኛው ፍልፈሉን በቀበሮው በኩል ነው የሚያየው። ይህ ጸሐፊ መለወጥ አለበት የሚለው ይህንን አመለካከት ነው።

የራስ ቅል ዘመን

ታሪኩ የሚጀምረው ጀርመን ውስጥ ፍራንክፈርት ላይ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ተፈጥሮ ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሰሜንን ተዘዋውሮ ነበር፤ ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቷል፣ ጎንደርንም አይቷል። ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ትልቅ ጭንቅላት ያለውን ፍልፈል በ1842 በጽሑፍ የገለጸውም እሱ ነው። እርቃኑን የሚኖረውና ዛሬ በሕክምና ምርምር ዓለም ስሙ የገነነው ፀጉር አልባው ፍልፈልም በዚያው ዓመት በዚያው ሰው ተገልጿል።

ለግዙፉ ፍልፈል የተመዘገበው መገኛ ግን «ሸዋ» የሚል ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ቆዳ ወይም የራስ ቅል በነጋዴና በሰብሳቢ እጅ ተላልፎ አውሮፓ ሲደርስ፣ መገኛው ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የተገዛበት ወይም የተላከበት አገር ነው። እንስሳው የሚኖርበትን ከፍታ፣ የሚበላውን፣ በቀን ይውጣ በሌሊት የሚያስረዳ ነገር ከቆዳው ጋር አልመጣም። ዕውቀቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሙዚየም መሳቢያ አልወጣም።

የሆነ ሆኖ የራስ ቅሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። የፊት ጥርሶቹ ረጃጅም፣ ወፋፍራምና ከከንፈሩ ውጭ የሚቀሩ ናቸው፤ በእነሱ ጠንካራውን አፈር እንደ ዶማ እየፈለፈለ ይሄዳል። የመንጋጋው ጡንቻ የሚያያዝበት አጥንት ሰፊ ነው፤ የእንስሳውን ጭንቅላት ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ያገዘፈውም ይኸው ነው። ትናንሾቹ ዓይኖቹ ወደ ጎን ከመሆን ይልቅ ወደ አናቱ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ሰውነቱን በጉድጓዱ ውስጥ ደብቆ፣ አናቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ሰማይንና አካባቢውን ማየት ይችላል። ይህ ቅርጽ ምን እንደሚጠቅመው በሕይወት እያለ ተመልክቶ ያረጋገጠ ሳይንቲስት እስኪመጣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

በዚሁ ዘመን ሌሎቹም የደጋ አይጦች በዚህ መንገድ ነበር የሚታወቁት። ከ1911 እስከ 1912 በቻይልድስ ፍሪክ የተመራው የአሜሪካ ጉዞ የሰበሰባቸው እንስሳት ለባሌው የሣር አይጥ የሳይንስ ስም አስገኙ። በ1926 እና በ1927 ደግሞ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ዊልፍሬድ ኦስጉድን ልኮ፣ ቡድኑ ከስሜን እስከ ጎጃም ወጥመድ ዘረጋ። በግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ በ1927 የተያዘችው ውኃ ወዳድ አይጥ በዓለም ሙዚየሞች ያለችው አንዲት ብቻ ናት። ሰብሳቢዎቹ የያዙትን ለክተው፣ ገፈውና መለያ አስረውበት ይሄዱ ነበር፤ የቀረውን ጥያቄ ሁሉ ለኋላ ትውልድ ተዉት።

የቆጠራ ዘመን

በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁኔታው ተለወጠ። የደጋ አጋዘንን ለመጠበቅ በተነሣው ሐሳብ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። በባሌ ተራሮች አናት ወዳለው የሳነቴ አምባ መውጣት ለተመራማሪ የተለመደ ሥራ ሆነ። በ1968 ዓባይን ለማሰስ በተካሄደው ጉዞ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው ደሪክ ያልደን ከማልኮም ላርገን ጋር የአገሪቱን አጥቢ እንስሳት ዝርዝር በተከታታይ ሲያወጣ፣ በጎን ግዙፉን ፍልፈል በመኖሪያው ተቀምጦ ይመለከት ነበር። በ1985 የታተመው ጽሑፉ በሕይወት ስላለው እንስሳ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ዝርዝር ዘገባዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ምልከታ የወጣው የአበላል ሥርዓት ቀላልም ብልህም ነው። ፍልፈሉ በውስጥ ወደ አዲስ የግጦሽ ቦታ ይቆፍርና የጉድጓዱን አፍ ይከፍታል። ለጥቂት ጊዜ አናቱን ብቻ አውጥቶ ይቃኛል። ከዚያ ግማሽ አካሉ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣና ዙሪያውን የደረሰበትን ቅጠልና ሣር በጥርሱ በፍጥነት ያጭዳል። አፉ ሲሞላ ወደ ኋላው ተመልሶ ይገባል። የኋላ እግሩ ከቀዳዳው እምብዛም ስለማይርቅ፣ ጥቃት ቢመጣ ለመሰወር የአንድ ቅጽበት ጉዳይ ነው። በዙሪያው ያለው ሲያልቅ አፉን ከውስጥ በአፈር ደፍኖ ሌላ ቦታ ይከፍታል። ስለዚህ አንድ ፍልፈል በአንድ ጊዜ የተደፈኑና የተከፈቱ በርካታ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ እንስሳውን ሳያዩ ለመቁጠር የሚያስችለው ዘዴም የተገኘው ከዚህ ነው፤ ትኩስ መድፈኛንና ትኩስ ቁልል መቁጠር።

በ1986 ሽመልስ በየነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቱን በዚሁ ፍልፈል ሥነ ምኅዳር ላይ አቀረበ። በዚያው ዓመት ክሪስ ሂልማን የፓርኩን የአመራር ዕቅድ ጻፈ። ጥናቱ ለጥበቃው መሠረት መሆን የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው። ቆጠራዎቹ ያሳዩት ብዛት አስገራሚ ነበር፤ በተስማሚ ቦታ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 2,600 ገደማ፣ እጅግ በተመቸው ረግረግ ዳር ደግሞ እስከ 6,000 የሚደርስ ግምት ተሰጠ። ዛሬም በየጽሑፉ የሚጠቀሱት ቁጥሮች በአብዛኛው የእነዚያ ዓመታት ናቸው፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

በዚህ ዘመን የእንስሳው ኑሮ መሠረታዊ መልክ ተያዘ። አዋቂው ፍልፈል ብቻውን ይኖራል፤ አንድ ጉድጓድ የአንድ አዋቂ ነው። ሣር የተነጠፈበት የመኝታ ጎጆ በውስጡ አለው። ምግቡ በዋናነት ከላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነው፤ አልኬሚላ የተባለው ምድር ለባሽ ቅጠል፣ ልዩ ልዩ ሣር፣ ጭቁኝና የመሳሰሉት። ይህ ከብዙ ዋሻ ኗሪ ዘመዶቹ ይለየዋል፤ እነሱ በአብዛኛው ሥራ ሥር እየበሉ ከመሬት በታች ይቀራሉ። ፍልፈል ከቤት አይጥ ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ወላድ ነው። የቤት አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ስትወልድ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ፍልፈሎች ከአንድ ወር በላይ አርግዘው ጥቂት ግልገሎች ነው የሚያፈሩት። ብዛቱ ከፍ ያለው መሬቱ ስለተመቸው ነው እንጂ ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ አይደለም። ይህን መዘንጋት አደጋ አለው፤ ቁጥሩ አንዴ ከተመታ ቶሎ አያገግምም።

የቀለብ ዘመን

በ1988 ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ በባሌው የዌብ ሸለቆና በሳነቴ የቀይ ቀበሮ ጥናት ሲጀምር፣ ፍልፈሉ በአንድ ጊዜ ታዋቂ ሆነ፤ በበላተኛው ስም። ሲሌሮ-ዙቢሪና ዳዳ ጎቴሊ በ1995 ባሳተሙት የአመጋገብ ጥናት በመቶዎች የሚቆጠር የቀበሮ ዓይነ ምድር ተመርምሮ፣ ከታዳኞቹ 96 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የአይጥ ወገን ሆነው ተገኙ። አብዛኛውን ድርሻ የያዙት ሦስት የባሌ ነዋሪዎች ናቸው፤ ግዙፉ ፍልፈል፣ ወደ 130 ግራም የሚመዝነው የባሌው የሣር አይጥና 100 ግራም አካባቢ የሆነው ጥቁር ጥፍራሙ አይጥ።

እዚህ ላይ መጠን ትርጉም ይኖረዋል። አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ11 እስከ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚህ ክብደት ያለ ሥጋ በል እንስሳ ብዙውን ጊዜ በቡድን ተባብሮ ትልቅ እንስሳ ሊያድን ይችላል። የባሌ ቀበሮ ግን በመንጋ እየኖረ ብቻውን ያድናል። አንድ ግዙፍ ፍልፈል ለእሱ የአራት አምስት የሣር አይጥ ያህል ሥጋ ነው፤ ቀዳዳው አጠገብ ደረቱን አስጠግቶ ሲጠብቅ ለመቆየት የሚያበቃ ትርፍ አለው። ጥናቶቹ የቀበሮ ብዛት የአይጥ ወገን ብዛትን እንደሚከተል አሳዩ፤ ፍልፈል በበዛበት ሸለቆ ቀበሮም ይበዛል። ሦስቱም አይጦች በቀን መንቀሳቀሳቸው ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ። በሳነቴ የበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ይወርዳል፤ ቅጠሉ በውርጭ ይደርቃል። ስለዚህ ታዳኙ በፀሐይ ይወጣል፤ አዳኙም ሰዓቱን ከዚያ ጋር አስተካክሏል።

ቀበሮው በሌለበት የፍልፈል ጠላት ጠፋ ማለት አይደለም። ንስርና ጭልፊት ከላይ ይጠብቁታል። አንዲት ትንሽ ቡናማ የደጋ ወፍ ደግሞ ከፍልፈሉ አጠገብ ትውላለች፤ እሱ ሲቆፍር የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይም ድምፅ ታሰማለች። ወፏ ስትጮኽ ፍልፈሉ ይገባል።

ከባሌ ውጭ ያሉ ጥናቶችም ሥዕሉን አሰፉት። ግዙፉ ፍልፈል በሌለበት በመንዝ ጓሳ ዘላለም ተፈራ አሸናፊና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ ቀበሮው እዚያም በአይጥ ወገን እንደሚኖር ታይቷል፤ የፍልፈሉን ቦታ የያዘው ተራው ትንሹ ፍልፈል ነው። ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዘመናት ቄሮ በተባለው ባህላዊ የማኅበረሰብ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ሣራም አምባ ነው። ሕዝቡ ሣሩን ለክዳንና ለግጦሽ ብሎ ሲያስከብር፣ ሳያስበው ከሣሩ ሥር ያለውን ነዋሪም አስከብሯል። በ2015 ደግሞ ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በዚያው በጓሳ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ዘገቡ፤ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ግን 67 በመቶው ተሳክቶለታል። ጭላዳዎቹ እየጋጡ ሲያልፉ አይጦቹ ይረበሻሉ ወይም የቀበሮውን መምጣት አያስተውሉም።

ይህ ዘመን ለፍልፈሉ ሁለት ነገር አደረገለት። በአንድ በኩል ገንዘብና ትኩረት ወደ አምባው መጣ፤ በ1995 የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ ቀበሮው ከተጠበቀ መሬቱም ይጠበቃል የሚለው አሠራር ሥር ሰደደ። በሌላ በኩል ፍልፈሉ በኪሎ ግራም የሚቆጠር ሥጋ ሆኖ ቀረ። ስንት እንዳለ ይጠየቅ ነበር፤ እንዴት እንደሚኖር ግን ለብቻው የሚጠይቅ አልነበረም።

ስሞቹ ሲበዙ

በጎን አንድ ሌላ ለውጥ እየተካሄደ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፔተር በ1972 ጥቁር ጥፍራሙን አይጥና ግራጫ ጭራ ያላትን የደጋ አይጥ ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ብሎ ሰየማቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሩሲያዊው ሊዮኒድ ላቭሬንቼንኮና ባልደረቦቹ የክሮሞሶምና የዘረመል ምርመራ ይዘው መጡ። ቀደም ሲል በአንድ ስም ሲጠራ የነበረው ሸካራ ፀጉር አይጥ በየተራራው የተለያዩ በርካታ ዝርያዎች ሆኖ ተገኘ፤ ለአዲሶቹም የመናገሻ፣ የጨርጨር እያሉ ስም አወጡላቸው። በ2019 በቼክ፣ በኢትዮጵያና በሩሲያ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የአይጥ ወገን ዝርዝር ከ100 በላይ ዝርያዎችን ይዟል፤ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ውጭ አይታወቁም።

የድሮዎቹ ቆዳዎችም እንደገና ሥራ አገኙ። የግልገል አባይዋ አይጥ ከደረቀ ናሙናዋ በወጣ ዘረመል በ2020 ከቅርብ ዘመዶቿ የተለየች መሆኗ ተረጋገጠ። በስሜን ተራሮችም ኦስጉድ በ1927 ባጠመደበት አካባቢ የፊልድ ሙዚየምና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2015 ተመልሰው፣ ከ2,900 እስከ 4,000 ሜትር ባሉ ቦታዎች ወጥመድ ዘረጉ፤ የ88 ዓመት ልዩነት ያለው ንጽጽር በ2020 ታተመ። ከኢትዮጵያ በኩል የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ዮናስ መኸረቱ በዚህም፣ በ2019ኙ ዝርዝርም፣ በባሌው የፍልፈል ጥናትም ስሙ ይገኛል። አንድ አገር በቀል ተመራማሪ በእርሻ አይጥ ላይ የጀመረውን ሥራ ወደ ተራራው ይዞ ሲወጣ፣ የውጭ ቡድኖች መጥተው በሄዱ ቁጥር ዕውቀቱ አብሯቸው አይሄድም።

ግዙፉ ፍልፈልም ከዚህ ማዕበል አላመለጠም። የዘረመል ጥናቶች እንዳሳዩት በመጠኑ ከሌሎቹ እጅግ ቢለይም ከኢትዮጵያ ተራ ፍልፈሎች ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ነው። የሩቅ ዘመዶቹ በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀርከሃ የሚበሉት አይጦች ናቸው። ስለዚህ ግዙፍነቱ ከጥንት የተለየ ሐረግ ምልክት ከመሆን ይልቅ በባሌ አምባ ላይ የተገኘ ባሕርይ ይመስላል። ቀዝቃዛ አየር ትልቅ አካልን ያግዛል፤ ትልቅ አካል ሙቀቱን ቶሎ አያጣም። ሰፊና ከዓመት ዓመት አረንጓዴ የማያጣ ለስላሳ መሬት ደግሞ ትልቅ አካልን ለመቀለብ ይበቃል። ይህን ሁለቱን በአንድነት የያዘ አምባ በአፍሪካ ከባሌ የሰፋ የለም።

ፍልፈሉ ስለራሱ

ከ2010 በኋላ በቼክ ሪፐብሊክ የደቡብ ቦሄሚያ ዩኒቨርሲቲው ራዲም ሹምበራ የሚመራው ቡድን ፍልፈሎቹን እየያዘ ሬዲዮ ያለው የአንገት ማሰሪያ አሰረላቸው። ውጤቱ በ2017 እና በ2020 ታተመ። ከጎጆው ወጥቶ የሚንቀሳቀሰው በዋናነት በቀን መሆኑ በመሣሪያ ተረጋገጠ። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የመኖሪያ ክልሉ ነው። ይህን ያህል ትልቅ እንስሳ ሰፊ የዋሻ መረብ ይኖረዋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል፤ የተገኘው ግን ትንሽ ክልል ነው፤ ለዚያውም በቀላሉ ትቶት ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድበት። ለምን? ከመሬት በታች መቆፈር እጅግ ጉልበት ይጠይቃል፤ አካል በገዘፈ ቁጥር ዋሻው መስፋት አለበት፣ የሚወጣው አፈርም ይበዛል። ሥር ፍለጋ ኪሎ ሜትር የሚቆፍር ግዙፍ እንስሳ ይከስራል። ምግቡን ከላይ የሚያጭድ ግን አጭር ዋሻ ይበቃዋል። መጠንና አኗኗር የተሳሰሩት በዚህ ስሌት ነው፦ ፍልፈሉ መግዘፍ የቻለው ወደ ላይ ብቅ ማለት ስለሚችል ነው፤ ብቅ ማለቱ ደግሞ ለቀበሮ አጋለጠው።

ሌላው ቡድን ከጀርመኑ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ሰፊ የምርምር ጥምረት ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎበታል። እነዚህ ፍልፈሉን የመሬት ሠሪ አድርገው አዩት። አንዱ ፍልፈል ያወጣውን አፈር ሌላው ትውልድ ይጨምርበታል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ በሜዳው ላይ ክብ ጉብታዎች ይፈጠራሉ። በጉብታው ላይና ከጉብታው ውጭ ያለው አፈር፣ እርጥበትና ዕፅዋት ይለያያል። የተተዉትን ጉድጓዶች ትናንሾቹ አይጦች ይጠለሉባቸዋል። የተቆፈረው ባዶ መሬት ለአንዳንድ ተክል መነሻ ሲሆን ለሌላው ጥፋት ነው። ከሳተላይት ምስልና ከመሬት ቆጠራ በመነሣት የፍልፈሉን ሥራ በአምባው ሁሉ ላይ በካርታ ማሳየት ተችሏል። አዲሱ አሰፋና ባልደረቦቹ ደግሞ የፍልፈሉ ቁፋሮና የከብት ግጦሽ በአንድ መሬት ላይ ሲገናኙ ዕፅዋቱ ምን እንደሚሆን መርምረዋል። በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናትም የተራራው አቀማመጥ ራሱ፣ ገደሉና ሸለቆው፣ የፍልፈሉን ሕዝብ እርስ በርሱ በማይቀላቀሉ ክፍሎች እንደከፋፈለው አሳየ። በካርታ ላይ አንድ የሚመስለው ስርጭት በውስጡ የተቆራረጠ ነው።

የሰው ቀለብ የነበረበት ዘመን

የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ጭማሪ የመጣው ከአርኪዮሎጂ ነው። በ2019 ጎትዝ ኦሰንዶርፍና ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ፊንጫ ሀበራ ጻፉ። በ3,469 ሜትር ከፍታ ያለ የድንጋይ መጠለያ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዎች ተመላልሰው ኖረውበታል። ጊዜው የበረዶ ዘመን ነበር፤ የተራራው ጫፍ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ሰዎቹ ከዚያም ከፍ ብለው ወደ 4,200 ሜትር ወጥተው ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። በመጠለያው ከተገኙት አጥንቶች አብዛኛዎቹ የግዙፉ ፍልፈል ናቸው፤ በእሳት የተጠበሱ ምልክቶችም አሉባቸው።

ይህ ግኝት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በዚያ ከፍታ ሰው ለመኖር የቻለው በቀላሉ የሚያዝ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝና ለአንድ ሰው ምግብ የሚበቃ ሥጋ ስለነበረ ነው። ሁለተኛ፣ ፍልፈሉ ቢያንስ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዚያ አምባ አለ፤ ግግር በረዶ ሲሰፋም ሲቀልጥም ተቋቁሞ ኖሯል። በሙዚየም መሳቢያ ከቆየበት ከመቶ ዓመት ይልቅ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ የሰው ልጅ በደንብ ያውቀው ነበር።

አዝማሚያው ምን ይላል?

የ180 ዓመቱን ጥናት በአንድ ላይ ስናየው ሁለት መስመሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ዕውቀቱ ከፍ ይላል፤ በተለይ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ። መሬቱ ግን እየጠበበ ነው። በፓርኩ ውስጥ የሰው ሰፈራና የከብት ቁጥር ከ1980ዎቹ ወዲህ ጨምሯል፤ እርሻ ወደ ከፍታው ወጥቷል። የፍልፈሉ ዓለም አቀፍ የጥበቃ ደረጃ «ለመጥፋት የተቃረበ» የሚል ነው። አየሩ ሲሞቅ የደጋ ዕፅዋት ወሰን ወደ ላይ ይገፋል፤ የፍልፈሉ መኖሪያ ግን ቀድሞውኑ ከተራራው ጫፍ ብዙ አይርቅም። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም።

በዚህ ሁኔታ የጥበቃው ሚዛን በአብዛኛው በቀበሮው ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በተደጋጋሚ አጥቅቷቸዋል። ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን በበሽታ የወደቀ የቀበሮ ሕዝብ በተከታዮቹ ዓመታት እንደገና የሚያንሠራራው ቀለቡ በቦታው ካለ ነው። ለፍልፈሉ ግን ክትባት መፍትሔ አይሆነውም፤ መሬቱ ከተረገጠና ዕፅዋቱ ከተጋጠ የሚመልሰው ዝግ ያለ መዋለድና ረጅም ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው የፍልፈሉን ብዛት በየዓመቱ፣ በቋሚ ቦታዎች፣ በአንድ ዘዴ መቁጠር ነው። ዘዴው ውድ አይደለም፤ ትኩስ መድፈኛንና ቁልልን መቁጠር ከያልደን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የሳተላይት ምስሉም ተጨምሮበታል። በየጽሑፉ የሚደጋገመው በካሬ ኪሎ ሜትር 2,600 ፍልፈል የሚለው ግምት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያለው ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም የውሳኔ መነሻ መሆኑ ሊያሳስብ ይገባል። የዘረመል ጥናቱ እንዳሳየው ሕዝቡ በሸለቆና በገደል የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ አንድ አማካይ ቁጥር ለሁሉም አይበቃም፤ አንዱ ክፍል ቢጠፋ ከሌላው መጥቶ የሚተካው የለም። የፓርኩ ጠባቂዎችና የአካባቢው እረኞች ትኩስ ቁልልን ከአሮጌው ለመለየት ሥልጠና ብዙ አያስፈልጋቸውም፤ ዘወትር የሚያዩት ነው።

የባሌ ተራሮች በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የአምባው ብርቅ ሕይወት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በዚያ ሕይወት ውስጥ ከፍልፈሉ የሚበልጥ ሥራ የሚሠራ እንስሳ ማግኘት ይከብዳል። አፈሩን ይገለብጣል፣ ጉብታውን ይሠራል፣ ለትናንሽ አይጦች መጠለያ ይተዋል፣ ቀበሮንና ንስርን ይመግባል፤ በጥንት ዘመን ሰውንም መግቧል። መዝገቡ ከዓለም የሚጠይቀው ጥበቃ በእርግጥ መሥራቱን ለማወቅ ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት የእሱ ብዛት ነው። የቀበሮው ቁጥር የሚነግረን ዛሬ ምን እንደደረሰ ነው፤ የፍልፈሉ ቁጥር ግን ነገ ቀበሮው ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ይነግረናል።